መልሰሽ አንብቢልኝ

«ገባልሽ?» አሉ ዳኛው።

«ገና ነው አባባ። እያሰበ ነው።»

«ምን አስጨንቆት ነው ይህን ያህል የሚያስበው? እኔ በሰው ላይ ስፈርድ እንኳ እንዲህ አስቤ አላውቅም።»

ሚጡ ሳቋን ዋጠች። ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳንጠለጠለች ስክሪኑን ትጠብቃለች። አባቷ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ፊደሎቹ ከጣቷ ኋላ ይቀሩና፣ እሷ ተስፋ ቆርጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ስትገፋ እንደ አርፋጅ ተማሪ ግር ብለው ይገባሉ። ያኔ ታነባለች። የቤቱ ሕግ ነው፤ አባቷ ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ሐሳቡ ሲያልቅ እሳቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ወንበሩ መደገፊያ ጣል አድርገው «መልሰሽ አንብቢልኝ» ይላሉ። አንዲት ቃል ከቦታዋ ከተነቃነቀች ያውቋታል።

ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ለዳኛው የቀራቸው መናገርና መስማት ብቻ ነው። ከችሎት በጡረታ ሲወጡ የጀመሩትን መጽሐፍ በገዛ እጃቸው መጨረስ ሲያቅታቸው፣ ሚጡ ሥራዋን ትታ ወደ ቤት ገባች። ለጥቂት ጊዜ ነው ተብሎ ነበር። ጥቂቱ ጊዜ ግን ሳያስታውቅ ረዘመ፤ እኩዮቿ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ፣ እሷ ገና በሕፃንነት ስሟ «ሚጡ» እየተባለች አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ቀረች። ማንም አላስገደዳትም። ቢያስገድዷት ኖሮ ቢያንስ የምትጣላው ሰው ታገኝ ነበር።

መጽሐፉም አብሯት ረዘመ። በምዕራፍ በምዕራፍ ለያይታ ልታስቀምጠው ብትለምናቸው ዳኛው አሻፈረኝ አሉ። «መጽሐፍ እኮ በሬ አይደለም፣ ብልት በብልት አይወጣም» አሏት። ስለዚህ ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ክስና ይግባኝ አንድ ፋይል ውስጥ ታጭቋል። ያረጀው ማሽንም በከፈተችው ቁጥር ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ ያቃስታል።

ታላቅ እህቷ፣ እትዬ፣ የተተኮሰ ልብስ በክንዷ ላይ ደርድራ ብቅ አለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደዚህ ቤት ተመልሳ ቁልፉን ሁሉ የያዘችው እሷ ናት። ስትሄድ ቁልፎቹ ቀድመዋት ይሰማሉ።

«ያ ሰውዬ እየመጣ ነው» አለች። «ሜሞሪውን ይጨምርና ከዚህ ቤት እግሩ ይውጣ። ተበላሸ ተብሎ ይጠራል፣ ሳይውል ሳያድር ደግሞ ተበላሸ! ማሽን ነው የሚጠግነው ወይስ የደም ግፊት ነው የሚለካው?»

«ሜሞሪ ማለት ማስታወሻ ነው አይደል?» አሉ ዳኛው። «ከተረፈ ለእኔም ይጨምርልኝ።»

«እርስዎ ደግሞ ቀልድ አያጡም። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ የማይገባ አምጥቶ መመለሱን ረሱት? ገና ሲያወጣው አይቼ ይሄ ልጅ ልቡ እዚህ የለም ብያለሁ። የአጣቢያችን ልጅ ነው፣ እናቱ ታማኝ ነበረች ብለን ነው እንጂ...»

ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ሄደች። ለሚጡ ግን መጨረሻው አልጠፋትም። እሷም ሳምንቱን ሙሉ ከዚያው ሐሳብ ጋር ነበር የተኛችው፤ ይሄ ልጅ ልቡ እዚህ የለም።

እነሆ ባለፈው ሳምንት የሆነው። ጠጋኙ ጠረጴዛው ስር ተንበርክኮ ገመድ ሲፈትሽ፣ እሷም ባትሪ ልታበራለት ጎንበስ እንዳለች፣ ድምፁን ወደ ትንፋሽ አውርዶ ነገራት። «ሌላ ከተማ የራሴን ሱቅ ልከፍት ነው። የዛሬ ሳምንት መጥቼ እዚህ እጨርሳለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ አለኝ። ብቻዬን መሄድ አልፈልግም። ሚስቴ ሁኚና አብረን እንሂድ። መልስሽን ስመጣ።»

«ምን አለ?» ብለው ነበር ዳኛው ከወንበራቸው።

«ገመዱን ነው አባባ» አለች፤ የባትሪውን ብርሃን ወደ ገመዱ መለሰች።

ከዚያ ወዲያ ሜሞሪውን ከላስቲኩ አወጣ። ማስገቢያው ላይ አስጠጋው፤ ከሥሩ ያለው ቁራጭ ከማስገቢያው ጉብታ ጋር አልገጠመም። «ይቅርታ፣ ይሄ ለአዲሶቹ ማሽኖች ነው» ብሎ መልሶ ከተተው። ዕቃውን በትክክል የማያመጣ ሰው ቃሉንስ በትክክል አስቦት ይሆን? ምናልባት ከመሄዱ በፊት አዝኖላት የተናገረው ነው። ለታሰረ ሰው ሁሉ ያዝናል። ይህን እያሰበች ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተች፤ መልሳ አወጣች፤ መልሳ ከተተች። መሄድ ነው የሚያስፈራት ወይስ መቅረት፣ እሷም አልለየችው።

የጓሮው በር ተንኳኳ። 

*

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«እግዜር ይመስገን። ና፣ ግባ። ይኸው በሽተኛህ ተኝቷል።»

ጠጋኙ የሥራ ቦርሳውን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። የዚህን ቤት ደጅ መርገጥ የጀመረው በልጅነቱ ነው፤ እናቱ ጓሮ ስታጥብ እሱ የተጨመቀውን እያቀበላት። ዛሬም የሚገባው በዚያው በጓሮ በር ነው። የፊት ለፊቱ በር ለቤተሰብና ለእንግዳ ነው። ማንም በዚህ ግባ፣ በዚያ አትግባ ብሎት አያውቅም፤ እግሩ ራሱ ያውቀዋል።

«እንደምን አሉ?» አላት ሚጡን። ሰው ባለበት ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው የሚላት። ያቺ «እርስዎ» እንደ አጥር መሃላቸው ትቆማለች።

«ደህና። የሚገባውን አመጣህ ወይስ እንደ ባለፈው?»

ልታሾፍ ነበር ያሰበችው፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ስለት ነበረው። እሱ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቅር መሰኘት አልነበረም፤ እንዲያውም ሳቅ የመሰለ ነገር ነበር። ይሄ ደግሞ የባሰ አበሳጫት።

«ዛሬ ይገባል» አለ።

ማሽኑን አጠፋ፤ ገመዱን ከሶኬት ነቀለ፤ ውስጡ የቀረች ኤሌክትሪክ እንድትወጣ ማብሪያውን ተጫን አድርጎ ለቀቀ። የጎን ክዳኑን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደራቸው። ያ መስኮት ከተከፈተ ዘመን የለውም። ዳኛው ብርድ ስለሚፈሩ ተዘግቶ ኖረና፣ ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ መጋጠሚያውን ደፍኖት፣ አሁን ቢፈልጉም አይከፈትም። በመስታወቱ ከጓሮ ወደ ግቢው በር የሚወስደው የድንጋይ መንገድ ይታያል። ሚጡ ሰው ሲሄድ የምታየው በዚያ በኩል ነው።

ክዳኑ ሲነሳ የሞቀ አቧራ ሽታ ወጣ። ጠጋኙ በብሩሽ ጠረገው። ከዚያ መዳፉን በባዶው የሳጥኑ ብረት ላይ ለጥፎ ትንሽ ቆየ።

«ትጸልያለህ እንዴ?» አለች እትዬ ከበሩ ሆና። «ቀዶ ጥገና አደረግከው እኮ!»

«ሰውነት ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ሜሞሪውን ያቃጥለዋል፤ መጀመሪያ ብረት መንካት አለብኝ።»

«በል ንካና ጨርስ።»

ቁልፎቿ እየተንሿሹ ራቁ። መተኮሻው ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ በሩም ገርበብ ብሎ ቀርቷል።

ጠጋኙ ወደ ማስገቢያዎቹ አጎነበሰ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ውስጥ አሮጌው ሜሞሪ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። የአሮጌውን መያዣ በጣቱ ነካ፤ ነጯ ፕላስቲክ ላልታ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ቀስ ብሎ ዞሮ ሚጡን አያት። እሷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማሽኑ መጀመሪያ የተበላሸው በእውነት ነው፤ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ጠጋኙ ተጠርቶ መጣና ሜሞሪው ከቦታው ትንሽ ተነስቶ አገኘው። ሲያወጣው እሷ ስታይ «አይጎተትም» አላት። «ጫፍና ጫፉ ላይ መያዣዎች አሉ፤ እነሱን ይክፈቱለት፣ ራሱ ይነሳል።» ከዚያ ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ አሻሽቶ መለሰው። ያን ቀን ብዙ ተጫወቱ። ከሄደ በኋላ ቤቱ የባሰ ጸጥ አለባት። እንግዲህ ናፍቆት ሲበረታባት፣ አባቷ ሸለብ ሲያደርጋቸው ጠብቃ ክዳኑን ትከፍትና መያዣዎቹን ትገፋለች። ሜሞሪው ይነሳል። ማሽኑ ይጮኻል። ጠጋኙ ይጠራል። ሰው ሲናፍቃት የምትጠራበት ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ ይህንንም በየማታው ጸሎቷ ላይ እንደ ስርቆት ትናዘዘዋለች፣ ከዚያ ደግማ ትሠራዋለች።

ጠጋኙ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲሱን ሜሞሪ በጫፉ ይዞ ቁራጩን ከጉብታው ጋር አገናኘ፤ በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ተጫነ። መያዣዎቹ ተከታትለው ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። ሚጡ ያ ድምፅ ደረቷ ውስጥ የተቆለፈ መሰላት። ከእንግዲህ ምን ተበላሸ ብላ ትጠራዋለች?

*

ማሽኑ ሳይጮኽ ተነሳ። ያ ሁሉ ዘመን የታጨቀበት ፋይል፣ እሷ ትንፋሽ ወስዳ ሳትጨርስ ከተፍ አለ። ሚጡ አፏን ይዛ ቀረች።

«ምነው ዝም አላችሁ? ሞተ?» አሉ ዳኛው።

«ዳነ አባባ። ተከፈተ እኮ!»

«አሁኑኑ? እንግዲያ እኔ ነኝ የቀረሁት ዘገምተኛ።»

«ኪቦርዱን ልፈትሸው ጋሼ?» አለ ጠጋኙ።

«ፈትሸው።»

ሚጡ ግን ቀደመችው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ወርዳ፣ አባቷ በማያዩት፣ እህቷ በማትደርስበት ስክሪን ላይ ጻፈች። «ለምን የማይገባ አመጣህ? ልብህ ቀድሞህ ሄዶ ነው?»

እሱ በትከሻዋ በኩል አነበበ። ከዚያ በጎኗ እጁን አሻግሮ በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገ። የእጅጌው ጠርዝ ክንዷን ነካው። «እንደማይገባ ስገዛውም አውቅ ነበር። አንድ ቀን ልጨምር ብዬ ነው። ዛሬን።»

ስክሪኑ ዓይኗ ላይ ደበዘዘ። ሳምንቱን ሙሉ የተናደደችበት ነገር ይኸው ነበር! ጻፈች። «እኔም ልንገርህ። ሜሞሪውን ሁልጊዜ የማላቅቀው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። መያዣውን ሳትዘጊው ትረሺው ነበር።»

ሁለቱም ሳቃቸውን አፈኑ። እሱ አሳለ፤ እሷ ከንፈሯን ነከሰች። ለአንዲት አፍታ ያ የተደፈነ መስኮት የተከፈተ ያህል ቀለላት። እሱ ግን ሳቁ ሳያልቅ እንደገና መታ መታ አደረገ። «መልስሽስ?»

«ተፈተሸ?» አሉ ዳኛው።

«ደህና ነው ጋሼ። ክዳኑን ልግጠምለት።»

«ግጠም። ሚጡ፣ እኛ እንቀጥል፤ ከጠፋብኝ አላገኘውም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጻፊ። የችሎቱ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ከወንበሬ አጠገብ ባልዲ ይቀመጥ ነበር። ጠበቆች ሲከራከሩ ጠብታው ያቋርጣቸው ነበር።»

ሚጡ መጻፍ ጀመረች። ባልዲውን ግን አልጻፈችም።

ድሮ ማሽኑ ሲዘገይ መጸጸቻ ጊዜ ነበራት። ቃሉ እስኪደርስ ድረስ ሐሳቧን ለውጣ ታጠፋዋለች። አሁን ጣቷ ገና ሳይነሳ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይቆማል። ዓመታት ያልተናገረችው ነገር መንገድ አገኘና ወረደ። ጣቶቿ ሮጡ። ጠጋኙ አንድ ብሎን በእጁ ይዞ፣ መግጠሙን ረስቶ፣ ከኋላዋ ቆሞ ያነባል። እሷም የእሱ ትንፋሽ ሲቆራረጥ እየሰማች መጨረሻው ድረስ ሄደች። ጻፈችው። እጇን አነሳች።

 ከኮሪደሩ የመተኮሻው እንፋሎት ብቻ ይሰማል።

«ሚጡ» አሉ ዳኛው።

«አቤት አባባ።»

«እኔ ያልኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አንቺ ግን እስካሁን ስትጽፊ ነበር። ድሮ ማሽኑ ያቋርጥሽ ነበር፤ ዛሬ አንዴም አላቆምሽም።» ጭንቅላታቸውን መደገፊያው ላይ ጣል አደረጉ። «መልሰሽ አንብቢልኝ።»

 የአባቷን አነጋገር ከራሷ በላይ ታውቀዋለች፤ አንድ አንቀጽ መፍጠር አያቅታትም።

«የችሎቱ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ከወንበሬ አጠገብ ባልዲ ይቀመጥ ነበር። ጠበቆች ሲከራከሩ ጠብታው ያቋርጣቸው ነበር። ባልዲውም ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር...»

«ባልዲው ሞላ አላልኩም።»

ሚጡ ዓይኗን ከስክሪኑ አነሳች።

«የጻፍሽውን አንብቢ ልጄ። ድምፅሽ ሲዋሽ ይቀጥናል።»

ሚጡ ወደ ጠጋኙ ዞረች። እሱ በጭንቅላቱ ምንም አላላትም፤ ተይውም፣ አንብቢውም አላለም። ዓይኑ ግን ከዓይኗ አልሸሸም። እሷም ወደ ስክሪኑ ተመለሰች፤ መጀመሪያ ፊደሎቹ ተንቀጠቀጡባት፣ ከዚያ ረጉ።

«አባባ ግድግዳ ቢሆኑ እዘላቸው ነበር» ብላ አነበበች። «የተዘጋ በር ቢሆኑ ሰብሬ እወጣ ነበር። አባባ ግን እጄን ይዘው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ከያዘኝ እጅ እንዴት ነው የሚወጣው?»

ኮሪደሩ ላይ መተኮሻው ቆመ።

«እወድሃለሁ። ልብሴ ተጣጥፎ አልጋዬ ስር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አንዴ ሳስገባው አንዴ ሳወጣው ነበር። ግን አልመጣም። መምጣት አልቻልኩም። አንተ ሂድ፣ ሱቅህን ክፈት፣ የምትጠብቅህ ሴት አግባ። እኔ መጽሐፉ እስኪያልቅ እዚህ ነኝ። መጽሐፉ የሚያልቀው ደግሞ...» ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ደግሞ?» አሉ ዳኛው።

«መጽሐፉ የሚያልቀው ደግሞ አባባ ሲያልቁ ነው። ያን እንዴት ልመኝ? ፈጣሪ ከዚህ ምኞት ይሰውረኝ።»

ያነበበችው አለቀ። ቃላቱ ግን ከክፍሉ የሚወጡበት አጥተው ጣሪያው ስር የተንጠለጠሉ መሰላት።

*

መጀመሪያ የተናገሩት ዳኛው ናቸው፤ ለእሷ ግን አልነበረም።

«ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ ጋሼ» አለ ጠጋኙ። 

«እግዜር ይስጥልኝ።»

በዚህ ቤት «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት በቃ ሂድ ማለት ነው። የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀ። ካቻቢቴውን፣ ብሩሹን፣ ላጲሱን አንድ በአንድ ቦርሳው ውስጥ መለሰ። ሚጡን ሊያያት ቀና አለ፤ እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ እንደ ነጠላ ነጥቷል። አንድ ቃል ሳትተነፍስ መንገድ ለቀቀችለት፣ ተከተለችው። የጓሮው በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

«ከየት ላይ ነበር ያቆምነው?» አሉ ዳኛው።

ሚጡ እጇን ከፊቷ አነሳች። የሰማችውን ማመን አቃታት። «ባልዲው ላይ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

«እህ፣ ባልዲው። ጻፊ።» አፋቸውን ከፈቱ። «ጠብታው...» አሉ። ቆዩ። «ጠብታው...» ከዚያ በላይ አልመጣላቸውም። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እየዳሰሰ መጣና የእሷን እጅ አገኘ፤ እንደ ሁልጊዜው ጭብጥ አድርገው ያዙት። ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ «ማን ያነብልኛል?» አሉ። «ማን?»

«እኔን አንድ ቀን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

እትዬ ነበረች። መተኮሻው አጠገብ የረሳቻቸውን ቁልፎች አንስታ ተመልሳ፣ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን አልሽ?» አሉ ዳኛው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም? ከተመለስኩ ጀምሮ ቁልፉን ያዢ፣ ልብሱን ተኩሺ፣ በሩን ዝጊ። አንብቢልኝ ያሉኝ ቀን የለም። እኔ በር ላይ ቆሜ ነው መጽሐፍዎን የሰማሁት።» ድምፅዋ ውስጥ ሚጡ ሰምታው የማታውቀው ሕፃን አለቀሰ። «ስለዚህ ማን ያነብልኛል አይበሉ። ደስ አይልም።»

ዳኛው ፊታቸውን ወደ ድምፁ እንዳዞሩ ቀሩ። በመስኮቱ ስር የእግር ኮቴ ተሰማ። የግቢው በር ተቆልፏል፤ ጠጋኙ የሚከፍትለት አጥቶ ከነቦርሳው ድንጋዩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«በየትኛው በር ወጣ?» አሉ።

«በጓሮ ነዋ» አለች እትዬ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «በየት ሊወጣ ኖሯል?»

«እናቱም በዚያ ነበር የምትወጣው። ኮቴው የእሷ ነው፤ ቀኙን ጠንከር አድርጎ ይረግጣል።» ኮቴውን አዳመጡ። «ሚጡ፣ እኔ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር የአንቺ ድምፅ ይፈካ ነበር። ሲሠራ ይጠወልጋል። ይህ ማሽን ምን ዓይነት ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም መሰለሽ? አስቤያለሁ። ዝም ያልኩት የሚበጀኝ ዝምታው ስለሆነ ነው።»

«አባባ...»

«ከቤቴ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው በጓሮ በር አይወጣም። ሂጂ፣ በፊት ለፊቱ በር አስገቢው። ይቀመጥና ሱቁ የት እንደሆነ፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይንገረኝ። ኮቴውን እንጂ ሰውየውን አላውቀውም፤ እንስማማ እንደሆነ እንይ።»

ሚጡ ልትነሳ ቃጣች። አልተነሳችም።

«ሂጂ አልኩሽ እኮ!» አሉ ዳኛው።

ሂጂ ይበሉ እንጂ እጇን አልለቀቁም። አልተሰማቸውም። አፋቸው ፈርዷል፣ እጃቸው ግን ፍርዱ ገና አልደረሰውም፤ እንደ ጨበጣት አለ። እጇን ልትጎትት ትችል ነበር። እጃቸው እንዲህ ከስቷል፣ እንዲህ ቀሏል። ኮቴው ከመስኮቱ ስር ቆመ።

«አይጎተትም» የሚለው የጠጋኙ ድምፅ ትዝ አላት።

በነፃው እጇ የአባቷን አውራ ጣት ቀስ አድርጋ ወደ ውጪ ከፈተችው። ከዚያ በሌላኛው ጫፍ ትንሿን ጣት። ሌሎቹን አልነካቻቸውም። መዳፋቸው ለአፍታ ባለበት ቆየ፤ ከዚያ በራሱ፣ ማንም ሳያነሳው፣ ከእጇ ላይ ተነሳ።

ሳመችውና ጠረጴዛው ላይ፣ ኪቦርዱ ላይ አኖረችው። እትዬ ቁልፎቹን ትታ ወንበሩን ሳበች።

ሚጡ ኮሪደሩን አልፋ የፊት ለፊቱን በር በሁለት እጇ ከፈተችው። ከጀርባዋ ከጥናት ክፍሉ፣ በተደነቃቀፈ፣ እንደ ተማሪ ድምፅ፣ «የችሎቱ ጣሪያ... ያፈስ ስለነበር...» እያለች የምታነብ ሴት ሰማች። ከፊቷ ደግሞ ጠጋኙ ቦርሳውን እንደያዘ፣ ከድንጋዩ መንገድ ዞሮ፣ እስከ ዛሬ ረግጦት ወደማያውቀው ደረጃ ሲመለከት አየችው። ዕንባዋን ልትጠርግ እጇን አነሳች፤ ባዶ ነበር፤ ባዶነቱ ገና ያማታል፤ ቢሆንም ዘረጋችለት።